ከ27 ወደ 30 ኢንች ጎማና 4+3 ቸርኬ፦ ሳይድ ባይ ሳይዱ ይችለዋል?

ገደል ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት መቀመጫ ሳይድ ባይ ሳይድ (መቀመጫዎቹ ጎን ለጎን የሆኑ፣ ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ትንሽ ባለ አራት እግር ተሽከርካሪ) አለኝ፤ ሞተሩ 1000 ሲሲ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ ከፊት 27×9-14፣ ከኋላ 27×11-14 ነው (የጎማው ቁመት×ስፋት፣ ከዚያ የቸርኬው ቁመት፣ ሁሉም በኢንች)። የቸርኬው ብሎን 4×156 (አራት ብሎን፣ በ156 ሚሊሜትር ክብ ላይ)፣ ኦፍሴቱ 5+2። የምነዳበት ቦታ ግማሹ ድንጋያማ ነው፤ ቀሪው ዝናብ ሲነካው የሚያዳልጥና ጎማ ላይ የሚለጠፍ ጥቁር አፈር ነው። ድንጋዩ ላይ ሆዱ እየተጋጨ ስላስቸገረኝ ጎማ ለማሳደግ ቆርጫለሁ።

ያሰብኩት አራቱንም እግር 30×10-14 ባለ 8 ፕላይ (ፕላይ የጎማው ጥንካሬ ደረጃ ነው) ማድረግና ቸርኬውንም በሰፊ፣ ማለትም 4+3 በሆነ ቸርኬ መቀየር ነው። ሻጩ «ያለ ምንም ችግር ይገባል» ብሎኛል። ሻጭ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ከፍታ የሚጨምር ኪት ሳልገጥም ይሄዳል? የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ቺንጊያ ይችለዋል? ደግሞስ 4+3 ቸርኬ እውነተኛ ጥቅም አለው ወይስ ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ እንዲያምር ብቻ ነው?

የአሸዋ ልጅ

ወንድሜ፣ ብዙ አታስብ፤ ጫነው። የእኔ በ32 ኢንች ነው የሚሄደው። አሸዋ ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ድንጋይ ላይም ቀድሞ የሚያቆመኝን ሁሉ ረግጬ አልፋለሁ። ቺንጊያ ይበጠሳል እያሉ የሚያስፈራሩህ ሰዎች አብዛኞቹ በከፍተኛ ማርሽ ድንጋይ የሚወጡ ናቸው። ኪትም አያስፈልግህም።

ልኬት

የአሸዋ ልጅ፣ የአንተ ተሽከርካሪ ቱርቦ አለው፤ ከፋብሪካም 30 ኢንች ለብሶ ነው የወጣው። ከ30 ወደ 32 መሄድና ከ27 ወደ 30 መሄድ አንድ አይደለም። የአንተ ጭማሪ ከ7 በመቶ ያንሳል፤ የጠያቂው ግን 11 በመቶ ነው፣ ያውም በደካማ ሞተር።

ገደል ማዶ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስተካክል። 5+2 ስትደምረው 7 ነው፤ 4+3ም 7 ነው። የቸርኬው ስፋት አልተለወጠም። የመጀመሪያው ቁጥር ቸርኬው ሞዞው (የሚታሰርበት እምብርት) ላይ ከሚያርፍበት ገጽ ወደ ውስጥ ያለው ርቀት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያው ገጽ ወደ ውጭ ያለው። ስለዚህ ወደ 4+3 ስትሄድ ያው ስፋት ያለው ቸርኬ በያንዳንዱ ጎን 1 ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ተሽከርካሪው በጠቅላላው 5 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። ሰፊ ቸርኬ የምትለው ይህንኑ ነው። ጎማውም ቢሆን ከፊት በ1 ኢንች ሰፋ እንጂ ከኋላ ከ11 ወደ 10 ጠብቧል።

ስለዚህ በእጅህ ያሉት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ አንዱ የጎማው ቁመት፣ ሌላው የቸርኬው መውጣት። አንዱን ስለወሰንክ ሌላው አብሮ መምጣት የለበትም።

አሮጌ ክሪክ

ሻጩ የተናገረው ተሽከርካሪው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ያየውን ነው። በቆመበትማ ስንቱ ጎማ ይገባል! የሚነካው መሪው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ሾክ አብሰርበሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ነው። ያ ደግሞ የሚሆነው ጉድጓድ ውስጥ እየታጠፍክ ስትገባ እንጂ ሱቅ በር ላይ አይደለም።

ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግ። ከጓደኛም ቢሆን አንድ 30 ኢንች ጎማ ከነቸርኬው ተዋስ። ተሽከርካሪውን አንሥተህ በአስተማማኝ መቆሚያ ላይ አስቀምጥ፤ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ከሥሩ እንዳትገባ። የአንዱን የፊት እግር ሾክ አብሰርበር አውርደህ ሞላውን በሞላ መጭመቂያ አስወጣና ሾኩን ያለ ሞላ መልሰህ እሰረው። ሾኩን ጨርሶ አውጥተህ ከሞከርክ ግን እግሩ መቆም ካለበት በላይ ይወጣል፤ ምክንያቱም በብዙዎቹ ላይ ማቆሚያው ጎሚኒ ያለው የሾኩ ዘንግ ላይ ነው። ከዚያ ጎማውን ግጠም፣ በክሪክ ከሥሩ እስከ ጎሚኒው ድረስ ግፋው፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙር፣ በየደረጃውም እየቆምክ በባትሪ ተመልከት። የሚነካውን ቦታ በኖራ ምልክት አድርግበት።

የምታይባቸው ቦታዎች፦ ከፊት ጎማ በስተኋላ ያለው የወለሉ ጥግና የፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ከፊት መከላከያው የታችኛው ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ሾኩና የላይኛው ክንድ። ከኋላ ያሉትን አግዳሚ ዘንጎችም አትርሳ፤ ቸርኬው ወደ ውስጥ የገባ ዓይነት ሲሆን ዘንጎቹን የሚፍቀው ቸርኬው ራሱ ነው።

ብዙ ሰው 4+3 የሚገዛው «ወደ ውጭ ከወጣ አይነካም» ብሎ ነው። ከውስጥ በኩል እውነት ነው። ነገር ግን መሪውን ስታዞር ጎማው የሚያዞረው ክብ ይሰፋል፤ ስለዚህ ቀድሞ በሩቅ ያልፈው የነበረውን የወለል ጥግና የፊት መከላከያ መፋቅ ይጀምራል። ከውስጥ ያተረፍከውን ከዳር ትከፍላለህ።

ገደል ማዶ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞላ ማውጣቱን አላሰብኩትም ነበር። ጎማ የሚያውሰኝ ሰው አገኛለሁ፤ እሞክረዋለሁ።

ልኬት፣ ያ 11 በመቶ ያልከው በተግባር ምን ማለት ነው?

ልኬት

የ27 ኢንች ጎማ ዙሪያው 215 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የ30 ኢንች ደግሞ 239። በአንድ ዙር 24 ሴንቲሜትር የበለጠ ትሄዳለህ። ሞተሩና ማርሹ ግን እንደ ቀድሞው ናቸው፤ ስለዚህ መሬት ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በ10 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ማለት ዝቅተኛ ማርሽህ ትንሽ ወደ ከፍተኛ ተጠጋ ማለት ነው። የፍሬንህም እንዲሁ፤ ፍሬኑ ሞዞው ላይ የሚይዘው ኃይል ያው ሆኖ ጎማው ግን ረዘመ። የፍጥነት መቁጠሪያውም 60 ሲያነብ አንተ በእርግጥ 67 ገደማ ላይ ነህ፤ የርቀት መቁጠሪያውም በዚያው ልክ አሳንሶ ይቆጥራል፣ ዘይት የምትለውጥበትን ጊዜ በእሱ የምትቆጥር ከሆነ አስብበት።

ከዚህ የሚከፋው ግን ክብደቱ ነው። የአሁኑ ጎማህ ብቻውን 13 ኪሎ፣ አዲሱ ባለ 8 ፕላይ 18 ኪሎ ነው እንበል። ልዩነቱ 5 ኪሎ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የሚሽከረከር ነገርን ማስነሣት በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በራዲየሱ ካሬም ይባዛል። 18ን ለ13 አካፍለህ በ1.11 ካሬ ብታባዛው 1.7 ያህል ይመጣል። ጎማውን ለማስነሣትም ለማቆምም የሚያስፈልገው 70 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚያልፈው በቺንጊያው፣ በአክስሉና በመጋጠሚያዎቹ ነው። ስለዚህ ጎማ ስትመርጥ ከቁመቱ ይልቅ ክብደቱን ጠይቅ። አምራቾች ስለሚጽፉት ፈልገህ ታገኘዋለህ። ሁለት 30 ኢንች ጎማዎች በክብደት 4 ወይም 5 ኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሌላም አለ፤ ጎማው ላይ የተጻፈው 30 ብዙ ጊዜ 30 አይደለም። በነፋስ ተሞልቶ፣ ክብደት ተጭኖበት ሲለካ ከ29 በላይ የማይደርስ አለ። ስትለካ ጎማው ላይ ምልክት አድርገህ መሬት ላይ አንከባልለውና 10 ዙር የሄደውን ርቀት ለ10 አካፍለው።

የአሸዋ ልጅ

ሁሉን ነገር በወረቀት ካሰባችሁት ማንም ከቤቱ አይወጣም። ሰው ሁሉ 30 እየጫነ ነው፤ ምን ሆነ?

ሰብለ ጭቃ

የአሸዋ ልጅ፣ የሆነውን የሚያየው የሚጠግነው ሰው ነው፤ ጋሽ ክሪክን ጠይቀው።

ገደል ማዶ፣ ስለ ጥቁር አፈሩ ጥቂት ልጨምር፤ እኔ አብዛኛውን የምነዳው በእንዲያ ያለ መሬት ላይ ነው። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይሻላል የሚለው ነገር ግማሽ እውነት ነው። የሚለጠፍ ጭቃ ላይ ሰፊ ጎማ ከፊቱ ጭቃ እየገፋ ይሄዳል፤ ያ ራሱ ጉልበት ይበላል። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ ረጅምና ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ወርዶ ይይዛል። ከሥሩ ጠንካራ ነገር ከሌለ፣ ማለትም ረግረግ ወይም ልቅ አሸዋ ከሆነ፣ ያኔ ስፋት ያስፈልግሃል። ሰፊ ጎማ የሚያሸንፈው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጎማ ከመሬት ጋር የሚነካካበት ገጽ መጠን በዋናነት የሚወሰነው በተጫነበት ክብደትና በውስጡ ባለው ነፋስ ነው። 9 ኢንቹንም 11 ኢንቹንም በ14 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ብትሞላቸው የሚረግጡት የመሬት መጠን ብዙም አይራራቅም፤ ቅርጹ ነው የሚለወጠው፣ አንዱ ረዘም ሌላው ሰፋ ይላል። የሰፊ ጎማ ትርፍ ነፋሱን ዝቅ ለማድረግ ቦታ መስጠቱ ነው። ነፋሱን ካልቀነስክ ስፋቱ የሚጨምርልህ ክብደት ብቻ ነው።

ለጥቁር አፈር ከስፋት ይልቅ የጎማውን ጥርስ ተመልከት። ጥርሶቹ ተራርቀው፣ መካከላቸው ያለው ሸለቆ ጭቃውን ሲሽከረከር እንዲተፋ መሆን አለበት። የተቀራረበ ጥርስ በሁለት ዙር ይሞላና ልሙጥ ጎማ ይሆናል። ድንጋዩ ላይ ደግሞ በጣም የተራራቀና ረጅም ጥርስ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉም ይቆረጣል። ግማሽ ለግማሽ ለሆነ መሬት መካከለኛ ጥርስ ያለው ራዲያል ጎማ እመርጣለሁ። 8 ፕላይ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጎኑ ስለሚደድር በዝቅተኛ ነፋስ እንኳ አይለመጥልህም።

ገደል ማዶ

ሰብለ፣ አመሰግናለሁ፤ ነፋሱን ስንት ታደርጊዋለሽ? ቢድሎክ ቸርኬስ (የጎማውን ከንፈር በቀለበት የሚቆልፈው) ያስፈልገኛል?

ሰብለ ጭቃ

ጥቁር አፈር ላይ 10፣ ድንጋይ ላይ 12 አካባቢ፤ ጭነት ካለኝ ከፍ አደርገዋለሁ። ከ10 በታች ካልወረድክ ቢድሎክ የግድ አይደለም። ከዚያ ከወረድክና በተዳፋት ጎን የምትሄድ ከሆነ ግን የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል፣ ያኔ ያስፈልግሃል። ቢድሎክ ክብደት እንደሚጨምርና ቀለበቱን የሚይዙት ብሎኖች እንክብካቤ እንደሚፈልጉ እወቅ። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ብሎኖች ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በማጥበቂያ መለኪያ ታጠብቃለህ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ትደግመዋለህ። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት የሌለው ሰው ተራውን ቸርኬ ቢይዝ ይሻለዋል።

መሪ ያዥ

ስለ 4+3 ማንም ያላነሣው ነገር አለ። የፊት ጎማ የሚታጠፍበት ምናባዊ መስመር በላይኛውና በታችኛው መገጣጠሚያ አልፎ መሬት ይነካል። ያ ነጥብና የጎማው መሐል በተራራቁ ቁጥር ድንጋይ በጎማው ላይ ትልቅ ማንሻ ያገኛል። በ4+3 ይህን ርቀት በ2.54 ሴንቲሜትር ትጨምርበታለህ። አንድ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው ከእጅህ ሊነጥቅህ ይሞክራል፤ አውራ ጣትህን መሪው ውስጥ አጠላልፈህ የምትይዝ ከሆነ ልማዱን ተው።

የኤሌክትሪክ መሪ ረዳት ካለህ ላይሰማህ ይችላል። ያልተሰማህን ግን የመሪው ዘንጎች፣ መገጣጠሚያዎቻቸውና የሞዞው ኩሽኔታዎች ይቀበሉታል። የእኔ ተሽከርካሪ ወደ 4+3 ከተቀየረ በኋላ ቀድሞ የሚሄደው የፊት ኩሽኔታ ሆኗል። አሁንም አልቀየርኩትም፤ በተዳፋት ጎን ስሄድ የሚሰጠኝ መረጋጋት ስለሚበልጥብኝ። ለፈጣን መንገድና ለተዳፋት ጥሩ ነው፤ ለዝግተኛ የድንጋይ ጉዞ ግን 5+2 የተሻለ ይመስለኛል።

የአሸዋ ልጅ

መረጋጋት ካልክማ 4+3 መግዛት ለምን? የድሮውን ቸርኬ ይዞ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ማስፊያ) ማስገባት ይችላል። ያው ነው።

አሮጌ ክሪክ

ስፋቱ ያው ነው፤ አሠራሩ ግን ያው አይደለም። ስፔሰር ስታስገባ በቸርኬውና በሞዞው መካከል አንድ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ፈጠርክ፤ የምትከታተለው ዳዶ ቁጥር እጥፍ ሆነ፤ ውስጠኛውን ረድፍ ለማየትም በየጊዜው ጎማ ማውረድ አለብህ። ማንም አያወርድም። ላልቶ የሄደ ስፔሰር የሞዞውን ብሎኖች በልቶ ሲመጣ ስንቴ አይቻለሁ። የግድ ካስፈለገ በሞዞው ወገብ ላይ በልኩ የሚቀመጠውን ዓይነት ግዛ፤ በብሎኖቹ ብቻ የሚንጠለጠለውን አትንካው።

ስፔሰርም ሆነ ቸርኬ ስትገዛ የብሎን ልኩን አረጋግጥ። የአንተ 4×156 ነው፣ በፖላሪስ የተለመደው። ካን-አም 4×137 ነው፣ ብዙ የያማሃ ደግሞ 4×110፤ ከአዳዲሶቹ ትልልቆች አምስት ብሎን ያላቸውም አሉ። በዓይን ተመሳስለው የሚያሳስቱ ስለሆኑ በሚሊሜትር ለካ።

ልኬት

መረጋጋት ከተነሣ ስሌቱን ላሳይ። ተሽከርካሪ በጎን ለመገልበጥ ያለው ዝንባሌ በቀላሉ የሚታየው የጎማዎቹን የመሐል ለመሐል ስፋት ለክብደት ማእከሉ ከፍታ እጥፍ በማካፈል ነው፤ ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መገልበጡ ይቀላል። ስፋቱ 130 ሴንቲሜትር፣ የክብደት ማእከሉ ከነሰው 65 ላይ ነው ብለን ብንነሣ ውጤቱ 1.00 ነው። 30 ኢንች ጎማ ሁሉንም ነገር በ3.8 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርጋል፤ ወደ 0.94 ይወርዳል። 4+3 ስትጨምርበት ስፋቱ 135 ይሆንና 0.98 ላይ ትመለሳለህ። ቀድሞ የነበርክበት ላይ አትደርስም። በዚያ ላይ 5 ሴንቲሜትር የሚያነሣ ኪት ብትጨምር ስፋቱም አያድንህም፤ 0.91 ላይ ነህ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ የራስህን ለካ፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ተጨማሪ ስፋት ማጓጓዣውን፣ በሩንና መንገዱን ይነካል። በስፋት ገደብ የተደረገባቸው ዱካዎች አሉ፤ 50 ኢንች ብቻ የሚያስገቡ አሉ፣ እዚያማ ከመጀመሪያውም አትገባም።

ገደል ማዶ

ይኸው ኪቱን ሰረዝኩት። ቺንጊያውስ? ጋሼ፣ የፑሊ ማስተካከያ ኪት ልግዛ?

አሮጌ ክሪክ

ቺንጊያ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሙቀትን የሚያመጣው መንሸራተት ነው። ሲቪቲው (ቺንጊያና ሁለት ፑሊ ያሉት ማርሽ ለዋጭ) ሲነሣ የሞተሩ ፑሊ ቀስ እያለ ቺንጊያውን ይጨብጣል። በከፍተኛ ማርሽ ድንጋይ ሥር ቆመህ ነዳጅ ስትረግጥ ጎማው አይንቀሳቀስም፣ ፑሊው ግን ይዞራል፤ ቺንጊያው በዚያ መካከል ይፋቃል፣ አንድ ቦታም ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ያ የሳሳ ቦታ በዞረ ቁጥር ይመታሃል። እዚህ ላይ የአሸዋ ልጅ ትክክል ነው፤ ዳገት፣ ድንጋይ፣ መጎተት፣ ከቆመበት መነሣት፣ ጭቃ ውስጥ መዳከር ሁሉ በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚደረገው። ዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ከፍ ብሎ እንዲዞርና ፑሊው ቺንጊያውን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል። 30 ኢንች ከሆነ ደግሞ ቀድሞ በከፍተኛ ማርሽ የምታልፈውን ቦታም በዝቅተኛው መሄድ ትለምዳለህ።

ኪቱን ከመግዛትህ በፊት ተመልከት። የተስተካከለ ረጅም መንገድ ላይ፣ ቺንጊያው ከሞቀ በኋላ፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ረግጠህ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደሚቆም አንብብ። የተሽከርካሪህ መመሪያ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጥበትን ዙር ከገለጸ አነጻጽር። ጎማው ከከበደ በኋላ ዙሩ ከዚያ በታች ከወረደ በሞተሩ ፑሊ ውስጥ ያሉት ክብደቶች መቅለል አለባቸው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትጨምር ፑሊው ቶሎ ወደ ዝቅተኛ ሬሾ ካልተመለሰልህ ደግሞ ሥራው ያለው በሁለተኛው ፑሊ ሞላና ጠመዝማዛ መስመር ላይ ነው። ዙሩ ከቦታው ካልወረደ ግን ምን ልታስተካክል ነው? ሰው ኪት ገዝቶ የሚያበላሸው ያለ ልክ ስለሚጀምር ነው።

የቺንጊያ ሙቀት መለኪያ ግን ከኪቱ በፊት ግዛ። የፑሊው ሳጥን አየር ማስገቢያውንና ማስወጫውንም አጽዳ፤ በጭቃ የምትሄድ ሰው ነህ። ትርፍ ቺንጊያና መክፈቻው ከአንተ ጋር ይሂዱ።

ስለ አክስል አንድ ቃል፤ ጎማው በራሱ የአክስሉን መጋጠሚያ አንግል አይለውጥም። የሚለውጠው የሚያነሣው ኪት ወይም ሞላውን አጥብቀህ ከፍ ስታደርገው ነው። ትልቅ ጎማና ሹል አንግል ሲገናኙ ግን ቀድሞ የሚሰበረው መጋጠሚያው ነው፤ ያውም ጎማው አየር ላይ እያለ ነዳጅ ረግጠህ በድንገት መሬት ሲይዝ። ስለዚህ ስትዘል እግርህን ከነዳጁ አንሣ።

ሰብለ ጭቃ

አንድ ጥያቄ ለጋሽ ክሪክ፤ የፊትና የኋላ ጎማ በቁመት መለያየቱ ጉዳት አለው? አንድ የማውቀው ሰው ከፊት 28 ከኋላ 30 አድርጎ ይነዳል።

አሮጌ ክሪክ

አለው እህቴ። ፋብሪካው የፊቱንና የኋላውን የማርሽ ሬሾ ሲወስን የጎማዎቹን ቁመት አብሮ አስቦ ነው። በአንዳንዶቹ የፊት ዲፈረንሻል የሚያያዘው የኋላው ጎማ ከፊቱ በተወሰነ መጠን ሲፈጥን ነው። የፊቱ ካነሰ በሄደበት ሁሉ ቀድሞ ስለሚዞር የኋላው እስኪቀድመው ብዙ መንሸራተት አለበት፤ የፊቱ ዘግይቶ ይይዛል። የፊቱ ከበለጠ ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ ሳይፈለግ ሊይዝና መሪውን ሊያደነድን ይችላል። አራቱም ተቆልፈው በሚሄዱባቸው ላይማ ዘንጉና ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። ለኩ ሲባል የተጻፈውን አታንብቡ፤ ልኬት እንዳለው በነፋስና በጭነት የተንከባለለውን ለኩ። አንድ ጎማ ሲቀደድ አዲስ አንድ ብቻ ከሦስት ካለቁ ጋር መግጠምም እንዲሁ ነው።

ገደል ማዶ

ተመልሻለሁ። 30 ኢንች ጎማ በ4+3 ቸርኬ ተውሼ፣ ሞላውን አውጥቼ አየሁት። ቀጥ ብሎ ሲወጣ ምንም አይነካም። መሪው ከግማሽ በላይ ሲታጠፍና እግሩ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲጨመቅ ግን የወለሉን ጥግ ይይዛል፤ በጥቂቱ ሳይሆን አጥብቆ። ያው ጎማ በእኔ 5+2 ቸርኬ ላይ የወለሉን ጥግ በጣት ስፋት ያልፈዋል፣ ነገር ግን ከውስጥ በኩል ወደ ሾኩ በጣም ይጠጋል። ጭቃ ሲለጠፍበት የሚያልፍ አይመስለኝም።

የወለሉን ጥግ ቆርጬ በሙቀት ማጠፍ እችላለሁ። ግን በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች 29 ኢንችን እያየሁ ነው፤ ከፊት 29×9-14፣ ከኋላ 29×11-14፣ በነበረው 5+2 ቸርኬ ላይ።

ልኬት

27ን ወደ 29 ስትወስደው ጭማሪው 7.4 በመቶ ነው፤ ሆዱ 2.54 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ከ30 ጋር ያለህ ልዩነት 1.27 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ለዚያች 1.27 ወለል መቁረጥና አዲስ ቸርኬ መግዛት ለእኔ አይታየኝም።

የአሸዋ ልጅ

እኔ ግን እቆርጠው ነበር። ወለሉ ፕላስቲክ ነው፤ አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ዓመት ሳይሞላህ 30 ማማርህ አይቀርም።

አሮጌ ክሪክ

ሊያምረው ይችላል። ሆድ የሚጋጭበት ሰው ግን ከጎማው በፊት የሆድ መከላከያ ሰሌዳ ቢገጥም ይጠቅመዋል፤ ወፍራም የፕላስቲኩ ዓይነት ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ ብረቱ ግን ይነክሳል። ሞላህም ከዕድሜው ብዛት ወርዶ እንደሆነ የቆመበትን ከፍታ ከመመሪያው ጋር አስተያየው። ብዙ ጊዜ የጠፋው ከፍታ እዚያ ነው የሚገኘው። ወርዶ ከሆነ ማጥበቂያውን ወደ ልኩ መልሰው፤ ከልኩ በላይ ካጠበቅከው ግን እግሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ጎማው ጉድጓዱን መከተል ትቶ ይዘላል።

ገደል ማዶ

ለካሁት፤ ከኋላ 3 ሴንቲሜትር ወርዷል! ሞላውን አስተካክላለሁ፣ 29ኙንም እገዛለሁ። ወደፊት ቸርኬም ብቀይር ዳዶው ያው ይሆናል?

መሪ ያዥ

አይሆንም፣ ተጠንቀቅ። ብዙ የፋብሪካ ቸርኬዎች የሚታሰሩት ጠፍጣፋ ከንፈር ባለው ዳዶ ነው፤ ከሌላ አምራች የሚገዙት ደግሞ በአብዛኛው ሾጣጣ መቀመጫ አላቸው። ጠፍጣፋውን በሾጣጣው ላይ ካሰርከው በጠርዙ ብቻ ነው የሚነካው፤ የጠበቀ ይመስልሃል፣ በጉዞ ላይ ይላላል። ከቸርኬው ጋር የሚስማማውን ዳዶ አብረህ ግዛ፣ መመሪያው በሚለው ልክ በመስቀለኛ አጥብቅ፣ ጥቂት ከነዳህ በኋላም ደግመህ አጥብቅ። ይህን ሁለተኛውን ማጥበቅ ለ29ኙም አድርገው፤ ጎማ ለመቀየር ቸርኬው መውረዱ አይቀርምና።